ብዙ ሲስተማቲክ ሪቪው ሲያጋጥመን የቱን መንገድ እንምረጥ?

አንድ የማስተርስ ተማሪ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል እንበል። ርዕሱ የነፍሰ ጡር እናቶች ደም ማነስ ነው። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች ዳታቤዝ ላይ ሲፈልግ ስለ ኢትዮጵያ ብቻ የተሠሩ በርካታ ሲስተማቲክ ሪቪዎች ይመጡለታል። የአንዱ መቶኛ ከሌላው አይገጥምም። ስለ ምሥራቅ አፍሪካና ስለ መላው አፍሪካ የተሠሩም አሉ፤ እነሱም ኢትዮጵያን ውስጣቸው ይዘዋል። ተማሪው ግራ ይጋባል። ኮሪደር ላይ ያገኘው ጓደኛው ደግሞ «ምን ያስጨንቅሃል? አምብሬላ ሪቪው አድርገው። መስክ መውጣት የለ፣ ቶሎ ይታተማል» ይለዋል።

ይህን ምክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ እኔም ተቀብዬው ነበር። የሰበሰብኳቸው ሪቪዎች በአብዛኛው እነዚያኑ ጥናቶች ደጋግመው የቆጠሩ መሆናቸውን ያየሁት ወራት ከለፋሁ በኋላ ነው። ሥራው እዚያው ቆመ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ ሰው ያንን ጊዜ እንዳያባክን ብዬ ነው።

ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ ሲስተማቲክ ሪቪው ማለት በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አስቀድሞ በተጻፈ ሥርዓት ፈልጎ፣ መርጦ፣ ጥራታቸውን መዝኖ አንድ ላይ የሚያቀርብ ሥራ ነው። ቁጥሮቹ በስታቲስቲክስ ሲዋሃዱ ሜታ አናሊሲስ ይባላል። ጓደኛው ያለው አምብሬላ ሪቪው ደግሞ የሪቪዎች ሪቪው ነው። እንዲህ ያሉ ሪቪዎች ራሳቸው ሲበዙ ምን እናድርግ? የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

አምስት ነገር አያለሁ።

አንደኛው ጥያቄው ራሱ ነው። «ለነፍሰ ጡር እናት የብረት እንክብል መስጠት ደም ማነስን ይቀንሳል ወይ?» ጠባብ ጥያቄ ነው። «ቡና ለጤና ምን ያደርጋል?» ሰፊ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይጠይቁም።

ሁለተኛው በእጅ ያለው ነው። ስንት ሪቪው አለ? ፍለጋቸው መቼ ላይ አበቃ? የታተሙበትን ዓመት ሳይሆን ፍለጋው የቆመበትን ወር ተመልከቱ። በ2024 የታተመ ሪቪው ፍለጋውን በ2021 ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መደራረብ ነው። ሪቪዎቹ ያካተቷቸው ጥናቶች የተለያዩ ናቸው ወይስ እነዚያው? በኔ እምነት ከሁሉም ከባዱ መመዘኛ ይሄ ስለሆነ ወደ ኋላ ላይ ብቻውን እመለስበታለሁ።

አራተኛው የምትፈልጉት መልስ ነው። አንድ ቁጥር ነው? ደረጃ ነው፣ ማለትም ከአሥር መድኃኒቶች የትኛው ይበልጣል? ወይስ ምን ተጠንቶ ምን እንደቀረ የሚያሳይ ካርታ?

አምስተኛው ጊዜ፣ ሰውና ገንዘብ። ፕሮስፔሮ በተባለው የሪቪው መዝገብ ላይ ከተመዘገቡ ሥራዎች 195ቱን የፈተሸ አንድ ጥናት ከምዝገባ እስከ ኅትመት በአማካይ 67 ሳምንት ገደማ እንደፈጁ አግኝቷል። ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር ይበልጣል። በተጨማሪም ጽሑፎቹን የሚያጣሩት ለየብቻቸው የሚሠሩ ሁለት ሰዎች መሆን አለባቸው። ብቻችሁን ከሆናችሁ በየትኛውም መንገድ ብትገቡ ጥራቱ ይጎዳል።

መንገድ አንድ፦ ካሉት አንዱን ጥሩ ሪቪው መጠቀም

ይህን ብዙ ሰው እንደ ምርጫ አይቆጥረውም። ግን አዲስ ነገር መጻፍ ግዴታ አይደለም። የሆስፒታል የጥራት ክፍል ውስጥ ሆናችሁ የአሠራር መመሪያ የምታዘጋጁ ከሆነ፣ በጥያቄያችሁ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት ወዲህ የተሠራ፣ ፕሮቶኮሉ (አስቀድሞ የተጻፈው የሥራ ዕቅዱ) የተመዘገበ፣ የማስረጃውን እርግጠኝነት ግሬድ በተባለው መመዘኛ የለካ አንድ ሪቪው ካገኛችሁ እሱ ይበቃችኋል። በቀናት ያልቃል፣ ምንም አያስወጣም። ሌሎቹን ሪቪዎች ለምን እንዳልመረጣችሁ በአንድ ገጽ ጻፉና አስቀምጡ።

ድክመቱ ግልጽ ነው። መልሱ አንድ ቡድን ባደረገው ምርጫ ላይ ይንጠለጠላል።

መንገድ ሁለት፦ አምብሬላ ሪቪው

ስሙ እንደሚለው ጃንጥላ ነው። በጥላው ሥር የሚገቡት ነጠላ ጥናቶች ሳይሆኑ ሪቪዎች ናቸው። ኮክሬን የተባለው ሲስተማቲክ ሪቪዎችን የሚያዘጋጅ ዓለም አቀፍ ድርጅት «ኦቨርቪው» ይለዋል፤ ጄቢአይ የተባለው ዋና መሥሪያ ቤቱ አውስትራሊያ የሚገኘው ተቋም ደግሞ «አምብሬላ» ይለዋል። ሐሳቡ ተቀራራቢ ነው።

ጥሩ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ቡናን እንያዝ። በ2017 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣ አምብሬላ ሪቪው ስለ ቡና የተሠሩ 201 የምልከታ ጥናት ሜታ አናሊሲሶችን ሰበሰበ። እነዚህ 67 የተለያዩ የጤና ውጤቶችን ይነካሉ። በሙከራ ጥናቶች ላይ የተመሠረቱት ግን 17 ብቻ ነበሩ፣ 9 ውጤቶችን የሚነኩ። በቀን ከ3 እስከ 4 ኩባያ የሚጠጡ ሰዎች ምንም ከማይጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ያነሰ ሆኖ ታየ። በአንጻሩ በእርግዝና ወቅት ቡና ማብዛት ከዝቅተኛ የውልደት ክብደት፣ ያለጊዜ ከመውለድና ከጽንስ መጥፋት ጋር ተያይዞ ተገኘ። በሴቶች ላይ የአጥንት ስብራት ስጋትም ነበር።

ጃንጥላው የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። አንድ ጥያቄ፣ ብዙ ውጤት፣ ለየውጤቱ የራሱ ሪቪው። አንድ ተራ ሲስተማቲክ ሪቪው 67 ውጤት ልሸፍን ቢል አያልቅም።

ግን የማይችለውም አለ። ኩባያ ስንል የማን ኩባያ ነው? የእኛ አቦል፣ ቶናና በረካ ሦስት ስኒ ናቸው፤ ስኒው ትንሽ፣ ቡናው ወፍራም። ሌላ አገር በትልቅ ኩባያ ቀጭን ቡና ይጠጣል። መሠረቱ ላይ ያሉት ጥናቶች ያልለዩትን ነገር ከላይ የተዘረጋው ጃንጥላ አይለየውም። የምልከታ ጥናትም ሲደራረብ የሙከራ ጥናት አይሆንም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ይህን በግልጽ ጽፈውታል።

ሁለት ዓይነት አምብሬላ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የሚቀላቀለውም እዚህ ነው። የመጀመሪያው የጄቢአይና የኮክሬን ዓይነት ነው። በአብዛኛው ሪቪዎቹ የዘገቡትን ውጤት እንዳለ ወስዶ ጎን ለጎን ያሳያል፣ ጥራታቸውን ይመዝናል፣ ቁጥር ከቁጥር ጋር አይቀላቅልም። ሁለተኛው በተመራማሪው ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቹ የተስፋፋው የኤፒዲሚዮሎጂ ዓይነት ነው። የየሜታ አናሊሲሱን ስሌት ከነጠላ ጥናቶቹ ተነስቶ እንደገና ይሠራል፤ ከዚያ ማስረጃውን በደረጃ ይከፍላል። አንደኛ ደረጃ ለማግኘት ከ1,000 በላይ ሕመምተኞች፣ ከሚሊዮን አንድ ያነሰ ፒ ቫልዩ (ውጤቱ በአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን ለመመዘን የሚረዳ ቁጥር)፣ ከ50 በመቶ በታች የሆነ በጥናቶች መካከል ያለ ልዩነት፣ ሌሎች የባያስ (ውጤትን የሚያዛባ አድልዎ) ፈተናዎችን ማለፍም ያስፈልጋል። ይህ ለአደጋ መንስኤዎች ጥናት ይመቻል። የስታቲስቲክስ ሰው ከጎናችሁ ከሌለ ግን አትግቡበት።

አምብሬላ ምን ያህል ዓይን እንደሚከፍት ለማየት አንድ ልጨምር። በ2014 ስለ ቫይታሚን ዲ የወጣው ሥራ 137 የጤና ውጤቶች ተጠንተው እንደነበር አሳየ። ከእነዚያ በምልከታም በሙከራም ሜታ አናሊሲስ የተፈተሹት 10 ብቻ ነበሩ። ስለ አንድ ቫይታሚን ያ ሁሉ ሲወራ መሠረቱ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ሌላ ዓይነት ጥናት በዚህ ግልጽነት አያሳያችሁም።

መደራረቡ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ።

አራት ሪቪው አገኛችሁ። እያንዳንዱ 15 ጥናት አካቷል። በድምሩ 60 ጥናት ያላችሁ ይመስላል። ዘርዝራችሁ ስታዩ ግን የተለያዩት ጥናቶች 30 ብቻ ናቸው። ሌላው ድግግሞሽ ነው።

ይህን የሚለካ ቀላል ቀመር በ2014 ቀርቧል፤ «ሲሲኤ» ይባላል። በሰንጠረዥ ነው የሚሠራው። በረድፍ ጥናቶቹን፣ በዓምድ ሪቪዎቹን ትደረድራላችሁ፤ ጥናቱ ያለበት ሪቪው ሥር ምልክት ታደርጋላችሁ። ከዚያ፦

(ጠቅላላ ምልክት ሲቀነስ የተለያዩ ጥናቶች) ÷ (የተለያዩ ጥናቶች × የሪቪዎች ብዛት ሲቀነስ የተለያዩ ጥናቶች)

በምሳሌያችን ከላይ 60 ሲቀነስ 30 ነው፣ 30። ከታች 30 በ4 ሲባዛ 120፣ ሲቀነስ 30፣ 90። 30 ለ90 ሲካፈል 33 በመቶ ገደማ ይመጣል። እስከ 5 በመቶ ትንሽ፣ ከ6 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከ11 እስከ 15 ከፍተኛ፣ ከ15 በላይ በጣም ከፍተኛ ነው። የእኛው ከመጨረሻው ደረጃም እጥፍ አልፏል።

ሌላ ምሳሌ። አምስት ሪቪው፣ 80 የተለያዩ ጥናቶች፣ 96 ምልክት። 16 ለ320 ሲካፈል 5 በመቶ። ይሄ ለአምብሬላ የሚመች ሜዳ ነው።

አጠቃላዩ ቁጥር ሊያታልል ስለሚችል ሪቪዎቹን ሁለት ሁለት እያደረገ የሚያነጻጽር «ግሩቭ» የተባለ የኤክሴል መሣሪያም በ2022 ወጥቷል። በነጻ ነው። ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ቀመሩ የሚቆጥረው የታተሙ ጽሑፎችን ነው። ከጽሑፉ ጀርባ ያለውን መረጃ አያይም። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እናቶች የደም ማነስ ምርመራ ተደርጎላቸዋል። መረጃው ለተመራማሪዎች ክፍት ነው። ስለዚህ ከአንዱ ዳሰሳ ብዙ ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል። አንዱ ሪቪው አንደኛውን ጽሑፍ፣ ሌላው ሪቪው ሁለተኛውን ያስገባል። በሰንጠረዡ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥናቶች ናቸው። እውነታው ግን የአንዲት እናት አንድ ጠብታ ደም ሁለት ጊዜ መቆጠሩ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ «የመረጃው ምንጭና ዓመት» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። ይህን የትኛውም መሣሪያ አይሠራላችሁም፤ ጽሑፎቹን አንብቦ ብቻ ነው የሚገኘው።

መደራረብ ሲበዛ ምን ይደረግ? ለአንድ ጥያቄ አንድ ሪቪው ብቻ መርጦ መያዝ ይቻላል፤ የመምረጫው ሕግ ግን ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ፕሮቶኮሉ ላይ መጻፍ አለበት። ወይም ሁሉንም አካቶ መደራረቡን በግልጽ ማሳየት። የማይደረገው አንድ ነገር አለ። የሪቪዎቹን የመጨረሻ መቶኛዎች ወስዶ እንደ አዲስ ጥናት እንደገና ማዋሃድ። ይህን የሚያደርጉ ሥራዎች ታትመው አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛልም። ተደጋጋሚው ጥናት ክብደቱ ያለአግባብ ያድጋል፣ የእርግጠኝነት ክልሉም ያለአግባብ ይጠባል። አንባቢው ከነበረበት ይልቅ እርግጠኛ ይሆናል። ያ ቁጥር ደግሞ የጤና ጣቢያ ዕቅድ ውስጥ ይገባል።

መንገድ ሦስት፦ አዲስ ሪቪው ወይም ማሻሻያ

ያሉት ሪቪዎች ደካማ ከሆኑ ወይም መደራረባቸው ከበዛ ወደ ነጠላ ጥናቶቹ መመለስ ይሻላል። ጥያቄያችሁ ጠባብ ሆኖ ያሉት ሪቪዎች ካረጁም እንዲሁ። የሪቪዎቹን የጥናት ዝርዝር እንደ መነሻ ትጠቀማላችሁ፤ ፍለጋውን ካቆመበት ትቀጥላላችሁ። ድካሙ ይበዛል፤ መልሱ ግን ንጹሕ ነው። እያንዳንዱ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። ለዚያ ለደም ማነስ ተማሪ እኔ የምመርጥለት ይሄንን ነው፣ ጓደኛው ቅር ቢለውም።

አሳዛኙ ነገር ግን ለአንድ ርዕስ ስድስተኛ ሪቪው መሥራትም ብክነት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ፕሮስፔሮ ላይ ሌላ ቡድን ያንኑ እየሠራ እንዳልሆነ እዩ።

መንገድ አራት፦ ኔትዎርክ ሜታ አናሊሲስ

ጥያቄያችሁ «የትኛው ይበልጣል?» ከሆነ መንገዱ ይሄ ነው። አምብሬላ አይደለም።

አንድ ሪቪው መድኃኒት «ሀ»ን ከማስመሰያ ክኒን ጋር አነጻጽሮ ጥሩ ውጤት አገኘ። ሌላ ሪቪው መድኃኒት «ለ»ን ከማስመሰያ ክኒን ጋር አነጻጽሮ ትንሽ ያነሰ አገኘ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሀ ይበልጣል» ማለት ትክክል አይደለም። አንዱ አትሌት አዲስ አበባ ላይ በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ሌላው በዚያው ርቀት ቫሌንሺያ ላይ ሮጠ። ሰዓታቸውን አይታችሁ ማን ይቀድማል ትላላችሁ? ከፍታው ሌላ፣ መንገዱ ሌላ። ሕመምተኞቹም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ጥናት ላይ ሕመማቸው የጠና፣ ሌላው ላይ የቀለለ ሊሆን ይችላል።

ኔትዎርክ ሜታ አናሊሲስ ብዙ ሕክምናዎችን በአንድ መረብ አገናኝቶ የሚያወዳድር ሜታ አናሊሲስ ነው። ይህን በስሌት ይፈታል፣ ወይም ሊፈታ እንደማይችል በግልጽ ይናገራል። ታዋቂው ምሳሌ በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣው የፀረ ድብርት መድኃኒቶች ሥራ ነው። 21 መድኃኒቶች፣ 522 ሙከራዎች፣ 116,477 ተሳታፊዎች። ሁሉም ከማስመሰያው ተሽለው ተገኙ፤ እርስ በርስ ደግሞ በውጤታማነትም ሕመምተኞች ሳያቋርጡ በመውሰዳቸውም ልዩነት ነበራቸው። ያንን መልስ ከሃያ አንድ የተለያዩ ሪቪዎች ለቅሞ ማግኘት አይቻልም ነበር።

ልምድ ያለው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ግድ ይላል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻውን ለሚሠራ ተማሪ አልመክረውም።

ቀሪዎቹ ሁለት፦ ስኮፒንግና ራፒድ

ስኮፒንግ ሪቪው ካርታ ነው። «በዚህ ርዕስ ምን ተጠንቷል? በምን ዘዴ? የት?» ይላል። «ይሠራል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ብዙ ጊዜ የጥናቶቹን ጥራት አይመዝንም፤ ስለዚህ ለሕክምና ውሳኔ መሠረት አይሆንም። ፕሮስፔሮ ስኮፒንግ አይመዘግብም፤ ኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ በተባለው ክፍት መድረክ ላይ መመዝገብ ይቻላል።

ራፒድ ሪቪው ደግሞ የተቻኮለ ውሳኔ ሲኖር ነው። የጤና ሚኒስቴር ባለሙያ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ መልስ ይጠበቅበታል እንበል። ዳታቤዝ ይቀነሳል፣ ቋንቋ ይገደባል፣ አንዳንዱን ደረጃ አንድ ሰው ብቻ ይሠራዋል። ምን እንደተቀነሰ በግልጽ እስከተጻፈ ድረስ ነውር የለበትም። አገራችን ውስጥ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እንዲህ ያለ ለፖሊሲ የሚሆን የማስረጃ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ያሉትን ሪቪዎች መሠረት ያደረገ ራፒድ ሪቪው፣ ማለትም የአምብሬላና የራፒድ ድቅል፣ ለፖሊሲ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይመቸዋል።

የሪቪዎቹን ጥራት በምን እንመዝን?

አምብሬላ ውስጥ ከገባችሁ ሁለተኛ ምርጫ ይጠብቃችኋል። ሦስት መሣሪያዎች አሉ።

አምስታር 2 በ2017 የወጣ ሲሆን 16 ጥያቄዎች አሉት፤ ሰባቱ ወሳኝ ናቸው። ከወሳኞቹ በአንዱ የወደቀ ሪቪው «ዝቅተኛ» ይባላል፣ ከአንድ በላይ ከወደቀ «እጅግ ዝቅተኛ»። ነጥብ አይደመርበትም። «12 ከ16 አግኝቷል» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ መሣሪያውን በትክክል አልተጠቀሙበትም። ሌላም ነገር ልብ በሉ። የተዘጋጀው ለሕክምና ወይም ለጣልቃ ገብነት ሪቪዎች ነው። የበሽታ ስርጭትን ለሚለኩ ሪቪዎች ጥያቄዎቹ በደንብ አይገጥሙም፤ እኛ አገር ግን አብዛኛው ሪቪው የስርጭት ነው።

ሮቢስ በ2016 የወጣ ነው። ሪቪው ውስጥ ባያስ የሚገባባቸውን አራት በሮች ይፈትሻል፦ የመምረጫ መስፈርቱን፣ ፍለጋና ማጣራቱን፣ መረጃ አወጣጡን፣ ውህደቱን። ለሕክምና፣ ለምርመራ፣ ለመንስኤና ለትንበያ ጥያቄዎች ይሠራል። የበለጠ ማሰብ ይጠይቃል፤ ሁለት ገምጋሚዎች ብዙ ይከራከሩበታል። ክርክሩ ራሱ ጠቃሚ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ጊዜ ይወስዳል።

የጄቢአይ ዝርዝር 11 ጥያቄ ብቻ ነው። ቀላል፣ ለማንኛውም የሪቪው ዓይነት የሚሆን። ለስርጭት ሪቪዎች እኔ ይሄን እመርጣለሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጄቢአይ ማዕከል ስላለ አገር ውስጥ ዘዴውን የሚያውቅ ሰው ማግኘትም ይቻላል።

የጻፋችሁትን ለመዘገብ ደግሞ ፕራየር የተባለውን የ2022 ዝርዝር ተጠቀሙ። 27 ነጥቦች አሉት፤ ለሕክምና ነክ አምብሬላዎች ተብሎ የተሠራ ነው። ፕሪዝማ የተባለው ሌላው የአዘጋገብ ዝርዝር የተዘጋጀው ለተራው ሲስተማቲክ ሪቪው ነው።

በአንድ ዕይታ

| መንገድ | ለምን ዓይነት ጥያቄ | ቢያንስ ምን መኖር አለበት | ጊዜ | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|
| አንድ ሪቪው መምረጥ | ጠባብ፣ ለአሠራር | አንድ ጠንካራና አዲስ ሪቪው | ቀናት | በአንድ ቡድን ምርጫ ላይ መንጠልጠል |
| አምብሬላ | ሰፊ፣ ብዙ ውጤት | በርካታ ጥሩ ሪቪዎች፣ ትንሽ መደራረብ | ወራት | ድግግሞሽ ቆጠራ |
| አዲስ ወይም ማሻሻያ | ጠባብ፣ አንድ ቁጥር | በቂ ነጠላ ጥናቶች | አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ | ሌላው የሠራውን መድገም |
| ኔትዎርክ | የትኛው ይበልጣል | የተሳሰሩ ሙከራዎች፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ | አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ | የማይመሳሰሉ ሕመምተኞችን ማወዳደር |
| ስኮፒንግ | ምን ተጠንቷል | ገና ያልጠራ ርዕስ | ወራት | ካርታውን እንደ መልስ መውሰድ |
| ራፒድ | አስቸኳይ ውሳኔ | ጠያቂና ቀነ ገደብ | ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት | የተቀነሰውን አለመናገር |

በጀቱን በተመለከተ

ያለ ገንዘብ ብዙ መሥራት ይቻላል። ፐብሜድ ነጻ ነው። ኤፒስቴሞኒኮስ የተባለው የቺሊ ዳታቤዝ በተለይ ሲስተማቲክ ሪቪዎችን ስለሚሰበስብ ለአምብሬላ የመጀመሪያ በር ነው፤ እሱም ነጻ። ፕሮስፔሮ ላይ መመዝገብ አያስከፍልም። ጽሑፎችን ለማጣራት ራያን የተባለው መሣሪያ ነጻው ክፍል፣ ለማጣቀሻ ዞቴሮ፣ ለስሌት አር የተባለው ፕሮግራም አለ። ኢትዮጵያ ያሉ ተቋማት ሂናሪ በተባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም በኩል ብዙ ጆርናሎችን ያገኛሉ፤ የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ኤምቤዝ የተባለው ሌላ የሕክምና ዳታቤዝ ግን የሚከፈልበት ነው። ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ የሙያ ባልደረባ ካላችሁ ከመጀመሪያው የቡድኑ አባል አድርጉትና ፍለጋውን ይሥራ። ስሙም በአግባቡ ይግባ።

ገንዘብ ካላችሁ በመጀመሪያ ለሶፍትዌር አታውሉት። የፍለጋ ባለሙያ ላይብረሪያን ወይም የስታቲስቲክስ ሰው ቅጠሩበት።

ለማን የቱ?

ለመመረቂያ የሚጽፍ፣ ስምንት ወር ያለው ተማሪ፦ ስኮፒንግ፣ ወይም በጣም የጠበበ ማሻሻያ። አምብሬላ ከፈለገ አማካሪው ሁለተኛ ገምጋሚ ይስጠው፤ መደራረቡም ከ10 በመቶ በታች መሆኑን ፕሮፖዛሉ ላይ ያሳይ።

የሆስፒታል ባለሙያ፦ አንድ ጥሩ ሪቪው። ጊዜያችሁን ለሕመምተኛው አውሉት።

የክልል ወይም የፌዴራል የፖሊሲ ባለሙያ፦ በሪቪዎች ላይ የተመሠረተ ራፒድ። ከተቻለ የየመልሱን እርግጠኝነት በግሬድ አራት ደረጃዎች፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ በጣም ዝቅተኛ ብሎ ማስቀመጥ። ሪቪዎቹ ግሬድ ካልሠሩ ያንን መናገር እንጂ መገመት አያስፈልግም።

የመድኃኒት ዝርዝር የሚያዘጋጅ ኮሚቴ፦ ኔትዎርክ ሜታ አናሊሲስ ይፈልግ፤ ከሌለ ያሠራ። ከተለያዩ ሪቪዎች ቁጥር እየለቀመ ደረጃ አያውጣ።

የምርምር ቡድን፣ አምስት ሰው፣ አንድ ዓመት፣ ሰፊ ጥያቄ፦ አምብሬላ የእናንተ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ለሁሉም አንድ ነው። ኤክሴል ክፈቱ። ያገኛችኋቸውን ሪቪዎች በዓምድ፣ ጥናቶቻቸውን በረድፍ፣ በመጨረሻው ዓምድ ላይ የመረጃውን ምንጭና ዓመት አስገቡ። አርብ ማታ ሰንጠረዡን ተመልከቱና የቱን መንገድ እንደምትይዙ ያን ጊዜ ወስኑ።